በመንዝ መንገድ የወጡት ሚስዮናዊ፣ ወደ አንኮበር ያልደረሰው ቤተሰብ

በ1834 ዓ.ም. መጋቢት ወር መግቢያ ላይ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተባሉ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ ሰሜን አቀኑ። የ32 ዓመት ሰው ነበሩ። በመንገዳቸው ሰላ ድንጋይ ላይ አርፈው የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን እናት ዘነበወርቅን ተሰናበቱ። ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሰላ ድንጋይ በዚያ ዘመን የንጉሡ እናት መናገሻ ነበረች። ዘነበወርቅ በልጃቸው መንግሥት ውስጥ ሰፊ አገር በራሳቸው ሥልጣን ያስተዳድሩ ነበር። ክራፍ ከዚያ ወርደው የሞፈርን ወንዝ ተሻገሩና መንዝ ገቡ፤ መንዝን አቋርጠው፣ ግሼን አልፈው ወደ ወሎ ዘለቁ።

ሐሳባቸው ብዙ ነበር። ጎንደር ደርሰው ከግብጽ የመጡትን አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማየት፣ ከዚያ ምፅዋ ወርደው ከአውሮፓ የሚመጡ ባልንጀሮቻቸውን መቀበል ይፈልጉ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግብጽ ተሻግረው ትዳር ይዘው ሊመለሱ አስበዋል። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በብቸኝነት የኖሩበትን የአንኮበር ኑሮ ከሚስት ጋር ሊቀጥሉት ነበር የወጡት። ሆኖም አንኮበርን ዳግመኛ አላዩአትም። ያገቧት ሴትም፣ የተወለዱላቸው ልጆችም ሸዋን ሳይረግጡ ቀሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን ቤተሰብ ዕጣ ለመረዳት ነገሩን ከዓድዋ መጀመር ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር የላካቸው ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባትና ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በ1827 ዓ.ም. ከባለቤቶቻቸው ጋር ዓድዋ ገብተው ነበር። ጎባት ከዚያ አስቀድመው ብቻቸውን እስከ ጎንደር ዘልቀው፣ ከሊቃውንቱ ጋር በትሕትና ተወያይተው ብዙ ወዳጅ ያፈሩ ሰው ናቸው። በዚህ በሁለተኛው ጉዟቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕመም አልጋ ላይ አሳለፉና በ1829 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አገሩን ለቀው ወጡ። ኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነዋል። የዓድዋው ቤትና ሥራ ለኢዘንበርግ ቀረ።

እንግዳ ብቻውን ሲመጣ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ውሎ አድሮ ይሄዳል። ሚስት ይዞ፣ መሠረት ቆፍሮ፣ ድንጋይ አስፈልጦ ቤት ሲጀምር ግን ጎረቤት ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ኢዘንበርግ ዓድዋ ላይ ቤት ለመሥራት ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ቢያስቆፍሩ፣ ጉድጓዱ ከምድር በታች የሚሄድ መንገድ ነው፣ የእንግሊዝ ወታደርና መድፍ በዚያ በኩል ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በከተማው ተናፈሰ። ዛሬ ሲሰማ ያስቃል። ነገር ግን ወሬውን ያስነሣው የአገሩ ሕዝብ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሚስዮናውያን መምጣት ያስከተለውን ደም መፋሰስ ከአባት ከአያቱ የሰማ ነበር። ከአጼ ፋሲለደስ ወዲህ ሃይማኖት አስተምራለሁ ብሎ የሚመጣ ፈረንጅ በጥርጣሬ መታየቱ አያስደንቅም።

ከቤቱ ግንብ ይልቅ ያጣላው ደግሞ የማዕድ ቤቱ ጭስ ነው ማለት ይቻላል። ሚስዮናውያኑ የአገሩን አጽዋማት አይጾሙም፤ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የሚቀርበውን ጸሎትና ስግደትም ይነቅፋሉ። አንድ ብቸኛ መምህር እንዲህ ያለውን ልዩነት በጨዋታና በክርክር ሊያለዝበው ይችላል። በቤተሰብ የሚኖር ሰው ግን የረቡዕና የዓርብ ምግቡ ከሠራተኛ እስከ ጎረቤት የታወቀ ነው። ኢዘንበርግም በነገር የማይለዝቡ፣ ያመኑበትን ፊት ለፊት የሚናገሩ ሰው እንደነበሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ መስክረዋል። ክራፍ ዓድዋ የደረሱት በ1830 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ሁሉም እንዲወጡ አዘዙ። ክራፍ በዓድዋ የቆዩት ሦስት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ሰሜኑ ቢዘጋባቸው ክራፍና ኢዘንበርግ በታጁራ በኩል በአፋር በረሃ ከነጋዴ ጋር ተጉዘው በ1831 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከሸዋ በር ከፋሬ ደረሱ። በዚህ ጊዜ ኢዘንበርግም ባለቤታቸውን ይዘው አልመጡም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንጎለላ ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሏቸው።

የሸዋ ሥርዓት ከትግራይ የተለየ ነበር። ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ የሚወለደው የሸዋ ቤት በሣህለ ሥላሴ ዘመን አገሩን አጽንቶ ይዞ፣ በሮቹንም ይቆጣጠር ነበር። ወደ ሸዋ መግባት በንጉሡ ፈቃድ ነው፤ መውጣትም በንጉሡ ፈቃድ ነው። የገባ እንግዳ ከቤተ መንግሥት ድርጎ ይታሰብለታል፤ የሚሠራውና የሚሄድበትም ይታወቃል። ሣህለ ሥላሴ ፈረንጆችን የሚቀበሉት የሚፈልጉትን በሚገባ አውቀው ነው። መጽሐፍ የሚያስተምር ሰው ከመጣ ይምጣ፤ ካህናት በአገሩ ሞልተዋል። ያጡት ጠመንጃ የሚያድስና የሚሠራ፣ መድኃኒት የሚያውቅ፣ ግንብ የሚገነባ ሰው ነው። እንግዶቹ መጽሐፍ ሲያቀርቡ ንጉሡ ባለ እጅ ይጠይቁ ነበር። ይህ አለመገጣጠም እስከ መጨረሻው አልተፈታም፤ በኋላም ብዙ ነገር አስከትሏል።

ኢዘንበርግ ወራት ቆይተው በ1832 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት ሊያሳትሙ ወደ ለንደን ተመለሱ። የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው እ.ኤ.አ. በ1841፣ ሰዋስዋቸው በ1842 ታተመ። ከእነዚህ ጋር የፊደል ማስተማሪያ፣ የጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ መጻሕፍት በአማርኛ አሳትመዋል። ለትምህርት ቤት ተብለው በአማርኛ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት መካከል የሚቆጠሩ ናቸው።

ክራፍ ግን በአንኮበር ብቻቸውን ቀሩ። ጥቂት ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ፤ ከደብተሮችና ከመነኮሳት ጋር ይከራከራሉ፤ የታመመ ቢመጣ ያላቸውን መድኃኒት ያካፍላሉ። ንጉሡ ሲዘምቱ አብረው ተከትለዋል። በእነዚህ ጉዞዎች ከኦሮሞ ሕዝብ ጋር ተዋወቁና ልባቸው ወደዚያው አዘነበለ። ኦሮምኛ ተማሩ፤ የቋንቋውን ሰዋስው ረቂቅ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1840 ለንደን ላይ አሳተሙ፤ ከወንጌልም ክፍሎችን ተረጎሙ። የግዕዝ ብራናዎችን እየገዙና እያስገለበጡም ወደ አውሮፓ ላኩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በትውልድ አገራቸው በጀርመን ቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተቀመጡ። የግዕዝን ሰዋስውና ትልቁን መዝገበ ቃላት ለአውሮፓ ያዘጋጁት አውጉስት ዲልማን የግዕዝ ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሸዋ ጸሐፊ ቀለም በጥብጦ፣ ብራና ፍቆ የጻፈው መጽሐፍ ርቆ ሄዶ ሊቅ አፍርቷል፤ መጽሐፉ ግን ከአገሩ መውጣቱ የሚያስቆጨው የአካባቢው ሰው ዛሬም አለ፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክራፍ መምህርና ተመራማሪ ነበሩ። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ጠመንጃና መድፍ በስጦታ አስይዞ ወደ ሸዋ ሲልክ ግን ክራፍ ሌላ ሥራ ውስጥ ገቡ። ቋንቋውን፣ ቤተ መንግሥቱንና የንጉሡን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ከእርሳቸው በቀር አልነበረም። አስተረጎሙ፤ መከሩ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ለተፈረመው የሸዋና የእንግሊዝ የወዳጅነትና የንግድ ውል ትልቅ እገዛ አደረጉ። በዚያው ሰሞን ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለአገሩ ወዳጅነት ይደክም ነበርና ነገሩ የሁለት መንግሥታት ፉክክር ሆነ። ከዚህ ወዲህ ክራፍ በሸዋ ሰው ዓይን የወንጌል መምህር ብቻ ሆነው ሊታዩ አልቻሉም፤ የእንግሊዝ መንግሥት እጅ ሆኑ። በጎ አስበው ያደረጉት ቢሆንም ከባድ ስሕተት ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ከንጉሡ ርቀው፣ ሚስት ካገቡ በኋላ ነው።

ወደ መንዙ መንገድ እንመለስ። ማማ፣ ላሎና ጌራ በሚባሉት ሦስቱ ምድሮች የተከፈለው መንዝ በዚያም ዘመን የገብስና የበግ አገር ነበር። ብርዱን የሚችለው ሱፍ ፈትሎ፣ ባና ለብሶ ነው። ከወንዙ ሸለቆ ወጥቶ ሜዳውን ሲይዝ ነፋስ የሚቀበለውን መንገደኛ የሚያስጠልለው ቤት እንጂ ዛፍ አይደለም። ክራፍ ያለፉበትን መንደርና ወንዝ፣ የገዥዎችንም ስም በየዕለቱ ይመዘግቡ ነበር። የእርሳቸውና የኢዘንበርግ ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ታትሞ ስለወጣ፣ ከአንኮበር በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ወሎ የሚያወጣውን መንገድ የውጭ አንባቢ ያወቀው በዚሁ መጽሐፍ ነው። እስከ ግሼ ድረስ የሣህለ ሥላሴ ስም ያስከብራቸው ነበር። ግሼን ሲያልፉ ያ ከለላ አበቃ።

በወሎ የለገ ጎራው ባላባት አዳራ ቢሌ መጀመሪያ ላይ በደኅና ተቀበሏቸው፤ አሳለፏቸውም። ነገር ግን በጎንደር በኩል የራስ ዓሊና የደጃዝማች ውቤ ጦርነት ገና አልበረደም ነበርና መንገዱ ታወከ። ክራፍ ወደ ኋላ ሲመለሱ ባላባቱ አሰሯቸው፤ ያላቸውንም ሁሉ ገፈፏቸው። በወታደር ታጅበው ከግዛቱ ከተባረሩ በኋላ እየለመኑ፣ ከመንደር መንደር እየተሸጋገሩ በትግራይ በኩል ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ምፅዋ ደረሱ። ከእጃቸው የቀረ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እስክንድርያ ላይ ከስዊዘርላንድ ከባዝል የመጡትን ሮዚን ዲትሪሽን አገቡ። ሮዚን ከዚህ ቀደም ለሌላ ሚስዮናዊ ታጭተው ነበር፤ እጮኛቸው ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲጓዝ ማርሴይ ላይ ሞተ። ሁለቱም ለአንድ ሥራ የተዘጋጁ ሰዎች ስለነበሩ ትዳሩ የተመሠረተው በመተዋወቅ ሳይሆን በመንገድ አንድነት ነው። ይህም በዘመኑ በሚስዮናውያን ዘንድ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሙሽሮቹ ከኢዘንበርግና ከሌላ ጓደኛቸው ጋር በ1835 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ታጁራ ደረሱ። ከዚያ አንኮበር ለመድረስ የሚቀረው በበረሃው የአንድ ወር ያህል ጉዞ ነው። ነገር ግን ሣህለ ሥላሴ እንዳይገቡ ከልክለው ነበር። ለንጉሡ ምክንያት የሚሆን ነገር አልጠፋም። ካህናቱ አልወደዷቸውም፤ የተጠየቁት ባለ እጆች አልመጡም፤ የእንግሊዝ ወዳጅነትም ከስጦታው በኋላ የታሰበውን ያህል አልጣመም። የሃሪስ መልእክተኞች ራሳቸው በዚያው ዓመት ከሸዋ ወጥተዋል። በሩን ለመክፈትም ለመዝጋትም ሥልጣን ያለው ንጉሥ ዘጋው፤ በሌላ በር ለመግባት መሞከር ለቤተሰቡ ተተወ።

የቀረው የምፅዋው መንገድ ነበር። በዚያው በ1835 ዓ.ም. ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ትግራይ ደጋ ሲወጡ፣ በሳሆ ቆላ በረሃ መካከል ሮዚን ያለ ጊዜያቸው ወለዱ። ሐኪም የለም፤ አዋላጅ የለም፤ ጥላ የሚሆን የበረሃ ዛፍ ብቻ ነበር። የተወለደችው ሕፃን ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አባቷ አጥምቀዋት ነበር፤ ስሟንም በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ «እንባ» አሏት። ክራፍ በቋንቋዎች ዙሪያ ብዙ ሺህ ቃላት የሰበሰቡ ሰው ናቸው። ከአንኮበር ይዘውት ከወጡት አማርኛ ውስጥ ለልጃቸው የቀረችላቸው ቃል ይህች ሆነች። እናቲቱ ለማገገም የነበራቸው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው፤ ጉዞው ቀጠለ። ደጋውን ሲደርሱ ግን የውቤ ሹማምንት እንደገና መለሷቸው።

ክራፍ ከዚህ በኋላ ወደ አውሮፓ ይመለሳሉ ተብሎ ሊገመት ይችላል። እርሳቸው ግን ካርታ አወጡ። የኦሮሞ ሕዝብ ከሸዋ ጀምሮ ወደ ደቡብ ሰፍቶ ይኖራል፤ በሰሜንና በምሥራቅ ያለው በር ቢዘጋ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በመነሣት በደቡብ በኩል ይደረስበታል ብለው አሰቡ። ባልና ሚስቱ ከኤደን በመርከብ ተነሥተው በ1836 ዓ.ም. የገና ሰሞን ዛንዚባር፣ ከዚያም ሞምባሳ ደረሱ። ወደ ሞምባሳ የሄዱት ከሸዋ ለመራቅ ሳይሆን ሸዋን ከማዶ ለመያዝ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ሮዚን ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለዱ። ባልና ሚስት ሁለቱም በወባ ንዳድ ተይዘው፣ በአንድ ቤት በየአልጋቸው ወድቀው ነበር። ሮዚን ከሳምንት በኋላ አረፉ፤ ሕፃኗም በቀናት ውስጥ ተከተለች። ክራፍ ከሞት ተርፈው ተነሡ። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ የታወቀው ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የአንኮበርና የመንዝ ብርድ ያላሸነፋቸው ሰው ከውርጩ ርቀው፣ በሞቃቱ ባሕር ዳር ቤተሰባቸውን በሙሉ አጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የክራፍ ሥራ በይበልጥ የሚታወቀው በኬንያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዮሐንስ ሬብማን መጥተው ተቀላቀሏቸው፤ የስዋሂሊን ሰዋስው አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1849 የኬንያን ተራራ ካዩ አውሮፓውያን የመጀመሪያው ሆኑ። ኦሮሞ ዘንድ በደቡብ በኩል የመድረሱ ሐሳብ ግን አልተሳካም።

ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት በ1847 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ከወጣቱ ማርቲን ፍላድ ጋር ነው። ጎባት ከኢየሩሳሌም ሆነው የነደፉት አዲስ ሐሳብ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚላኩት ሰዎች መምህራን ብቻ ሳይሆኑ ባለ እጆች ይሁኑ የሚል። ሣህለ ሥላሴ አንጎለላ ላይ የጠየቁት ይኸው ነበር፤ መልሱ የመጣው 16 ዓመት ዘግይቶ፣ ለሌላ ንጉሥ ነው። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. አርፈዋል። ባለ እጆቹ ሚስዮናውያን ግን መጡ፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከነቤተሰባቸው ሰፍረው፣ መንገድ እያበጁ፣ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አቀለጡ። ፍላድ ከባለቤታቸው ከፓውሊና ጋር በኢትዮጵያ ልጆች አሳድገዋል፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የእንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤልንና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ የሆኑትን ሱዛንን አግብተዋል። ክራፍ ያለሙት የቤተሰብ ኑሮ እውን የሆነው በእነዚህ ሰዎች ነው፤ እርሱም ቢሆን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ፈረሰ።

ክራፍ በስተርጅና ዘመናቸው ጀርመን ኮርንታል ተቀምጠው አማርኛውን አልተዉም። ጎጃሜው መነኩሴ አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ አሥር ዓመት ደክመው የተረጎሙትን፣ በ1832 ዓ.ም. ገደማ በሙሉ የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኢትዮጵያውያን ረዳትነት አርመው ባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በዚያው ቤት ነው። ክራፍ ይህን አላዩም። በ1874 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ በአልጋቸው አጠገብ ለጸሎት እንደተንበረከኩ ሞተው ተገኙ።

በአንኮበር ተራራ ላይ ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ግቢ የቀረው ፍርስራሽ ነው። የሮዚን መቃብር ግን በሞምባሳ ደሴት ትይዩ፣ ኒያሊ በሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ ይጎበኛል፤ ሁለተኛዋ ሕፃን ከእናቷ ጋር ናት፤ እንባ የቀረችው በሳሆ ቆላ ነው።